የኮሪያ ኩርፊያ በፒዮሪያ ስትሪት

አራት አበሻ ባለበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሦስተኛው ለምን እንደማይነጋገሩ ለመጣ ለሄደው ይተርካል። አራተኛው ደግሞ ኮቱን ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሊያስታርቃቸው ተነስቷል። ይህን አራተኛውን ሰው የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ ማንም የለም። ሰርግ ላይ አግኝታችሁታል፤ ለቅሶ ላይ አግኝታችሁታል፤ ከሚስታችሁ ጋር ሁለት ቀን ተኳርፋችሁ በሦስተኛው ቀን በሩን ያንኳኳው እሱ ነው። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አታውቁም።

እኛ አሜሪካ አገር ኦሮራ ከተማ ለምንኖረው የደረሱን አራተኛው ሰው ጋሽ ለገሠ ናቸው። ክቡር ጋሽ ለገሠ፣ የፒዮሪያ ስትሪትና የአካባቢው ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የአንድ ነርሲንግ ሆም የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ። ባለቤታቸውን ጌጥነሽን ግን አንቱ አንልም። ብንላት «ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?» ብላ ታኮርፋለች፤ እሷ ካኮረፈች ደግሞ ጋሽ ለገሠ ሊያስታርቁን ይመጣሉ። ይህ ታሪክ የሳቸው ቢሆንም ሲብስም ሲቀልም ከጎናቸው ሆና ያየችው እሷ ናት። የምነግራችሁም እሷ እንዳየችው ነው።

ጋሽ ለገሠ ኩርፊያ ካዩ እህል አይበላላቸውም። ዓለምነሽና አጸደ የሚባሉ ሁለት የኳየር ዘማሪዎች ማን ፊት ይቁም በሚል ተጣልተው አሥራ አንድ ወር ሳይነጋገሩ ቆዩ። ፓስተሩ ጸለየ፤ አልሆነም። ጋሽ ለገሠ ሁለቱን «ቤት ላድርሳችሁ» ብለው በኋላ ወንበር አስቀመጧቸውና የልጆች መቆለፊያውን ቆልፈው ሃይዌይ ገቡ። ወደ ደቡብ ነዱ፣ ወደ ሰሜን ተመለሱ፣ እንደገና ወደ ደቡብ ነዱ። ሁለት ሰዓት ያህል ከነዱ በኋላ አጸደ «ሽንቴ መጣ» አለች። ዓለምነሽም «የኔም!» አለች። «ተመስገን» አሉ ጋሽ ለገሠ፣ «ንግግር ተጀመረ።» ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አይለያዩም፤ የሳቸው መኪና ውስጥ ግን ዳግመኛ ላለመግባት ማሉ።

ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ደግሞ ሁለት የዘጠና ምናምን ዓመት አሜሪካዊያን አሮጊቶች በምግብ አዳራሹ የመስኮት ወንበር ተጣሉ። ጋሽ ለገሠ ፊሊፒናዊውን ወጥ ቤትና የበሩን ጥበቃ አስከትለው ክፍላቸው ድረስ ሄዱ። ሦስቱም ቆሙ። «ፕሊዝ ሲት ዳውን» ቢሏቸው አልተቀመጡም። አሮጊቶቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው ዋከርና ዊልቸራቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በማግስቱ ሁለቱ በአንድነት ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ጋሽ ለገሠን ከሰሱ። ጋሽ ለገሠ የክሱን ወረቀት አገላብጠው አዩትና ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን ሲያገኙ ፊታቸው በራ። «አየሽ ጌጤ» አሉ ማታ ወረቀቱን እያሳዩ፣ «አንድ ላይ ፈረሙ። ታረቁ ማለት ነው።»

የሽምግልና ሕጋቸው አራት ነው። ሽማግሌ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሆናል፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሳይቀመጥ ደግሞ ውሃ እንኳ አይቀምስም። በመጀመሪያ ቀን እሺ ስለማይባል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከሕጉ በላይ ግን አንድ አባባል አላቸው፤ ስብከትም ላይ፣ ስልክም ላይ፣ የግሮሰሪ ሰልፍም ላይ ይሏታል፦ «ያኮረፈ ሰው ሌላ አይፈልግም። 'ምን ሆነህ ነው?' የሚለው ሰው ነው የሚፈልገው።»

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳያቸው እንግባ። ትልቁ ጉዳያቸው ሰሜን ኮሪያ ነው።

ኦክቶበር 2006 ላይ ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር ቦምብ መሞከሯ በዜና ሲነገር ጌጥነሽ በሽተኛ ከምታስታምምበት የሆም ኬር ሥራዋ መመለሷ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ «ነይ! ነይ እዪ!» የሚል ጩኸት ሰማች። የሞተ ሰው ያለ መስሏት ሮጠች።

«አላልኩም?» አሉ ጋሽ ለገሠ ቲቪውን እየጠቆሙ። «አላልኩም ወይ? ይሄ ቦምብ መሰለሽ? ኩርፊያ ነው! ሰው በሩን ዘግቶ ድስት ሲደበድብ ምን ማለቱ ነው? 'ምን ሆንክ በሉኝ' ማለቱ እኮ ነው!»

ሰሜን ኮሪያና አሜሪካ ያሉበትን፣ ስለ ኑክሌሩ ለሦስት ዓመት የተካሄደውን የስድስቱን አገሮች ድርድር ሌላው ሰው ኳስ እንደሚከታተለው ነው የተከታተሉት። አጎታቸው ድሮ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ስለዘመቱ ጉዳዩን የቤተሰብ ጉዳይ አድርገው ይይዙታል። «እኛ ኮሪያን በካርታ አይደለም የምናውቃት» ይላሉ። አጎትየው ስለ ኮሪያ በሕይወታቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ብርዱ አይጣል ነው» የሚል። ጋሽ ለገሠ ከዚህ ተነስተው የሰሜን ኮሪያን የውጭ ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ ይተነትናሉ።

«ስድስት!» ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው። «እስቲ ስድስት ሽማግሌ የት አገር አለ? ሦስት ለሦስት ሆነው ሊቀሩ? ደግሞ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ከስድስቱ ተቆጥረዋል! ባልና ሚስት ተጣልተው ራሳቸው ሽማግሌ ይሆናሉ? ሰባተኛ ሰው ያስፈልጋቸዋል።»

«ሰባተኛው ማን ይሁን?» አለች ጌጥነሽ አንድ ቀን።

ጋሽ ለገሠ ኮሌታቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የዲፕሎማቶቹ አቀማመጥ ነበር። ቲቪው ላይ ተደራዳሪዎቹ ገብተው ወንበር ሲስቡ ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ይይዛሉ። «ተቀመጡ! ይኸው ተቀመጡ! ውሃውንም ጠጡት! የተቀመጠ ሽማግሌን ማን ይሰማዋል? እግሩ እስኪዝል ቢቆም አይደለም እንዴ ባለቤቱ የሚያፍረው?»

አንድ ቀን አልቻሉም፤ ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። በእጅ ጽሑፍ አምስት ገጽ፣ በአማርኛ። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ሊዲ ናት፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀባት። «ዳዲ፣ ዊ ኔቨር ሲት፣ ዊ ኔቨር ድሪንክ ዋተር... አር ዩ ሹር ይሄን ልጻፍ?» ብላ ለመነቻቸው። «ጻፊ። ዋናው እሱ ነው።» ከሰባት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በማሽን የተፈረመ አንድ አንቀጽ ነው፤ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎን እናከብራለን ይላል። ጋሽ ለገሠ ፍሬም ገዝተው ሳሎን ሰቀሉት። ለእንግዳ ሁሉ «ዋሽንግተን ሐሳቤን ተቀብሎታል» ይላሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ጉድ መናገሬ ነው። ይህን ሁሉ ዓለም የሚያስታርቁት ጋሽ ለገሠ ራሳቸው ኩርፊያ ላይ ነበሩ። ያውም አራት ዓመት ከሁለት ወር ያስቆጠረ ኩርፊያ! ያውም ከወንድማቸው ጋር።

ወንድም ስል የእናት ልጅ ማለቴ አይደለም። ጋሽ የማነ የአስመራ ልጅ ናቸው፤ በአማርኛ ተምረው፣ አዲስ አበባም ሠርተው ኖረው ነው አሜሪካ የመጡት። ሁለቱ እንደመጡ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተጋርተው፣ አንድ የክረምት ጃኬት በተራ እየለበሱ ነው ኑሮ የጀመሩት። በኋላ ጋሽ የማነ የሆቴል ሻትል ነጂ ሆነው ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ትንሽ ቤት ገዙ። ሚስታቸው ታመው ሲሞቱ ልጃቸው ሄርሞን አሥር ዓመቷ ነበር። አባት ከኤርፖርት እስኪመለሱ ያበላቻትም፣ ፀጉሯን የሠራቻትም ጌጥነሽ ናት። ሄርሞን እስከ ዛሬ «እማ ጌጤ» ነው የምትላት።

ታዲያ በፈረንጆቹ 1998 ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ገቡ። ሁለቱ ሰዎች ያን ሰሞን ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማማሉ። «የኛን አገር ነገር እዚህ ቤት አናነሳም» ተባባሉ፤ ተጨባበጡ። ጌጥነሽ ያኔ ደስ አላት። ነገር ግን ሁለቱም ሳይከራከሩ መኖር የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ኳስ ሞከሩ፤ የሚደግፉት አንድ ቡድን ሆነ። ሃይማኖት ሞከሩ፤ ጌጥነሽ ተቆጣች። በመጨረሻ ሰሜን ኮሪያን አገኙ። ሩቅ ነው። ዘመድ የለም። ማንም አይጎዳም። አራት ዓመት ሙሉ እየጮኹ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ በደስታ ተከራከሩ።

ዲሴምበር 2002፣ የሊዲ አሥረኛ ዓመት ልደት። ሻማው በርቷል፣ ልጆቹ ኬኩን ከበዋል። በዚያ ሰሞን ኑክሌሯን እንድትተው በውል ለሰሜን ኮሪያ ይላክ የነበረው ነዳጅ ቆሞ ነበር።

«ነዳጁን ያቆመችው አሜሪካ ናት» አሉ ጋሽ የማነ። «ውሉን ያፈረሰችው እሷ ናት!»

«በድብቅ ዩራኒየም የጀመረው ማን ሆነና?» አሉ ጋሽ ለገሠ።

«ማስረጃ?»

«ማስረጃ ትለኛለህ? ውል ይዞ በጓሮ የሚሠራ ሰው ማስረጃ ይተዋል?»

«መቼም እናንተ...» አሉ ጋሽ የማነ፤ ቀሪውን ዋጡት።

«እናንተ ማን?» አሉ ጋሽ ለገሠ።

ጋሽ የማነ ጃኬታቸውን አንስተው ወጡ። ሻማው ኬኩ ላይ ቀልጦ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቃላቸው አንድ ነው፦ «ስልኬ አልተቀየረም።»

ሰው ሁሉ በኮሪያ ነዳጅ የተጣሉ ይመስለዋል፤ ይስቃል። ጌጥነሽ ግን አትስቅም፤ የምታውቀው አላት። በ1998 የጋሽ የማነን ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ከቤቱ አውጥተው፣ በአውቶቡስ ጭነው ድንበር አሻግረውታል። የጋሽ ለገሠ እህት ልጅ ደግሞ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። ሁለቱም ክፉ ወሬያቸውን የሰሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። አንዱ አንዱን «አይዞህ» አላለውም። አገር አናነሳም ተባብለዋላ! እሷ ራሷም ዝም ብላለች፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጫት።

ጃንዋሪ 2007 መጨረሻ ላይ ሄርሞን ደወለች። አሁን አድጋ ፍቅረየሱስ የሚባል እጮኛ ይዛለች።

«እማ ጌጤ፣ የፍቅረየሱስ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ፌብሩዋሪ አሥራ ሰባት ሊመጡ ነው።»

«እልልል! ልጄ! ታዲያ ምነው ድምፅሽ?»

«ዳዲ ብቻውን ሊቀበላቸው ነው። ምንም ችግር የለውም ይላል። ግን ወንበር ሲደረድር አየሁት፤ ከራሱ ጎን አንድ ወንበር ትርፍ አስቀመጠ። ለማን ነው ስለው 'ኮት ማስቀመጫ ነው' አለኝ። እማ ጌጤ፣ እኛ ቤት እኮ የኮት ማስቀመጫ አለ።»

ጌጥነሽ ስልኩን ዘግታ ኪችን ውስጥ አለቀሰች። ሄርሞን ስትወለድ ለጋሽ የማነ «የዚችን ልጅ ሽማግሌ ከጎንህ ሆኜ ነው የምቀበለው» ብለው ቃል የገቡት ጋሽ ለገሠ እንደሆኑ ታውቃለች። ቅዳሜው ካለፈ ደግሞ ይህ ነገር አይጠገንም። ሌላው ነገር ሁሉ ይጠገናል፤ ያቺ ቀን ግን አንዴ ናት።

«ደውልለት» አለቻቸው።

«ስልኬ አልተቀየረም።»

«የሱም አልተቀየረም እኮ።»

«እንግዲያው ይደውላ!»

ሽማግሌ ልትልክባቸው ወንዶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። አንድም ደፋር አልተገኘም። ጥሩሰው የሚባለው ዲያቆን «እኔ ጋሽ ለገሠን ልሸመግል? እሳቸው እኮ የቤቴን ጉድ አንድ ሳይቀር ያውቃሉ!» አለ። ለካ ሰውየው ሁሉን አስታርቀው አስታርቀው፣ እሳቸውን የሚያስታርቅ ሰው አላስተረፉም። ስለዚህ ጌጥነሽ ዓለምነሽንና አጸደን ጠራች። ከራሷ ጋር ሦስት። ጎዶሎ።

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 13 ነበር። ከገና በፊት የወረደው በረዶ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ ጠቁሮ እንደተቆለለ ነው። ጋሽ ለገሠ ከሥራ ገብተው ቲቪውን ከፍተዋል፤ ስድስቱ አገሮች ቤይጂንግ ላይ ተስማሙ እየተባለ ነው። ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር ጣቢያዋን ልትዘጋ፣ ነዳጅ ሊሰጣት። ደወሉ ሲጮህ እየተነሱ «ታረቁ እኮ! ሰምታችኋል?» እያሉ በሩን ከፈቱ። ሦስት ሴቶች ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። አንደኛዋ የራሷን ቤት ደወል የደወለችው ጌጥነሽ ናት።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!»

ማንም አልተቀመጠም።

«ጌጤ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያቆምሻል?»

«ለሽምግልና መጥተን ነው።»

«ማን ዘንድ?»

«አንተ ዘንድ።»

ጋሽ ለገሠ ሳቁ። ከዚያ በዓይናቸው ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳቁ ቀረ። «ውሃ ላምጣላችሁ?» አሉ፤ «አንጠጣም» አሉ ሦስቱም። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሳቸውም ቆሙ። የግራ ጉልበታቸው አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም አለበት። ከኋላቸው ቲቪው ላይ ዲፕሎማቶቹ እየተሳሳቁ ይጨባበጣሉ።

አጸደ ነገሩን አቀረበች፤ ቅዳሜን፣ ሄርሞንን፣ ባዶውን ወንበር። ጋሽ ለገሠ እስከ መጨረሻው ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ዓለምነሽ እኮ ሺፍት አለባት!» አለች አጸደ።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። ወጡ። በሩን ዘጉ። ደረጃው ላይ ንፋሱ ፊታቸውን እየጠበሰው ዓለምነሽ እስከ ስልሳ ቆጠረች። ደወሉን ደወሉ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ለገሠ።

«ሁለተኛ ቀን ነው።»

«አንድ ደቂቃ እኮ ነው የሆነው!»

«ውስጥ ለተቀመጠ ነው አንድ ደቂቃ» አለች ዓለምነሽ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ለገሠ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። ቲቪውን እየጠቆሙ «እነዚህም የተስማሙት ተግባር በተግባር ነው። እሱ ይደውል፣ እኔ አነሳለሁ» አሉ።

«በአንድ ጊዜ ሁለታችሁም ብትደውሉስ?» አለች አጸደ።

«ሁለታችንንም ቢዚ ይለናላ!»

ድርድሩ ተቋረጠ። ሴቶቹ እንደገና ወጡ። ዓለምነሽ መቁጠር ስትጀምር ጌጥነሽ «ተይው፣ አትቁጠሪ» አለችና በሩን ገፍታ ገባች። ሳትናገር ወደ ግድግዳው ሄዳ የዋሽንግተንን ደብዳቤ ከነፍሬሙ አውርዳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ለማያውቁህ ሰዎች አምስት ገጽ ጽፈሃል» አለች። «'ምን ሆነህ ነው በሉት' ብለህ አሜሪካን መከርክ። የማነንስ? ወንድሙን በአውቶቡስ ጭነው ሲያባርሩት 'ምን ሆነህ ነው' ብለኸዋል? እኔስ ብያለሁ? አላልንም። ፈራን። እዚህ ተቀምጣችሁ ስለ ኮሪያ ስትጮኹ ሰማሁ እንጂ ስለ ሰው ስታወሩ አልሰማሁም። ኑክሌር ያለው ሰውዬ እንኳ ዛሬ ታረቀ፤ አንተ ምን አለህና ነው የማትታረቀው?»

ጋሽ ለገሠ ፍሬሙን አዩት። እሷን አዩ። ከኮሪደሩ ሊዲ አንገቷን አውጥታ «ዳዲ፣ ጀስት ጎ» አለች።

«ምን ብዬ እገባለሁ?» አሉ ጋሽ ለገሠ። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሲያናግሩ የኖሩ ሰው ይህን ሲጠይቁ ጌጥነሽ ስትሰማ በትዳር ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነው። አሳዘኗት።

«ለሰው የምትለውን በለው» አለቻቸው።

ቁልፋቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞሩ። «ዓለምነሽ ሺፍት ትሂድ። አጸደ ትምጣ። ሦስት መሆን አለብን።» አጸደ የኋላውን ወንበር ስታይ ትንሽ አመነታች፤ ቢሆንም ገባች።

ሞንትቤሎ ደረሱ። ጋሽ የማነ የሻትል ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ በር ከፈቱ። ፀጉራቸው ሸብቷል። አራት ዓመት ትንሽ ጊዜ አይደለም። ሦስቱን አዩና ከመንገዱ ገለል አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ከአሁኑ ተደርድረዋል፤ ከዳር ያለው ባዶው ወንበር ላይ አንድም ኮት የለም።

«ተቀመጡ» አሉ ጋሽ የማነ።

«አልቀመጥም» አሉ ጋሽ ለገሠ።

«ቤቴ መጥተህ አልቀመጥም ትላለህ?»

ጋሽ ለገሠ አፋቸውን ከፈቱ። ጌጥነሽ ያንን ረጅሙን የሽምግልና ንግግር ጠበቀች፤ «እንግዲህ ሰላም ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ የሚጀምረውን። አልመጣም።

«ወንድምህን ያወጡት ጊዜ» አሉ፣ «'ምን ሆነህ ነው' አላልኩህም። እያየሁህ ነበር። አትበላም ነበር። እኔ ግን ስለ ዩራኒየም አወራሁብህ።»

ጋሽ የማነ ግድግዳውን ተደገፉ። «የእህትህ ልጅ መሞቱን የሰማሁት ጌጥነሽ ስልክ ስታወራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መጥቼ አላለቀስኩም። ከኛ ወገን ሆኜ ለቅሶህ ላይ ምን ብዬ ልቁም? አፈርኩ።»

«መጥተህ ቢሆን...»

«አውቃለሁ። አሁን ታሪኩን ተወው።» ጋሽ የማነ ዓይናቸውን በዩኒፎርማቸው እጅጌ ጠረጉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ነዳጁን ያቆመችው ግን አሜሪካ ናት።»

«የማነ!»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ጋሽ ለገሠ ተቀመጡ። ከዳር ያለው ወንበር ላይ። ጌጥነሽና አጸደ በእፎይታ አብረው «ውሃ!» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት የፍቅረየሱስ ሽማግሌዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። ጋሽ ለገሠ በመስኮት ቆጠሯቸው። «አራት!» አሉ ደንግጠው። «አራት ሆነው ነው የመጡት! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ወጥተው መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሾፌር በግድ አስወርደው አምስተኛ አደረጉት። ሾፌሩ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ሄርሞንን አይቷት አያውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን በሽምግልና ድሬያታለሁ ይላል። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ጋሽ ለገሠ አንድ ጊዜ እንኳ ልጅ ሰጪ ወገን ሆነው አያውቁምና በጣም ጣማቸው፤ ሰዎቹ ጉዳያቸውን ተናግረው ከጨረሱ በኋላም «ይቀጥሉ» እያሉ አቆሟቸው። ጋሽ የማነ በክርናቸው ሲጎስሟቸው ነው «በሉ ተቀመጡ» ያሉት።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» ሲሉ ጥያቄውን ደገሙ። ጋሽ የማነ እንደ ወጉ ቶሎ አልመለሱም። ኪችን በር ላይ የቆመችው ሄርሞን የጌጥነሽን እጅ ጨበጠች። አሜሪካ ውስጥ ከሷ በቀር አንድ የሥጋ ዘመድ የሌላቸው ሰው ናቸው አባቷ።

«መልካም» አሉ ጋሽ የማነ። «እስቲ መጀመሪያ ዘመዴን ላማክር።» ወደ ጎናቸው ዞሩና ወደ ጋሽ ለገሠ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

ጋሽ ለገሠ፣ ቃል አጥተው የማያውቁት ሰው፣ ሲሰሙ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ተቃወሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ የማነ ደግመው አንሾካሾኩ። ጋሽ ለገሠ በረጅሙ ተነፈሱና በጭንቅላታቸው እሺ አሉ። ጋሽ የማነ ቀና ብለው «ሰጥተናችኋል» አሉ፤ ሦስት ጊዜ መመላለሱን ጋሽ ለገሠ እንኳ አላነሱትም፤ ጌጥነሽ እልልታዋን ለቀቀችው።

ወደ ኦሮራ ሲመለሱ ጋሽ ለገሠ አንዴ ፈገግ ይላሉ፣ አንዴ ይተክዛሉ። ጌጥነሽ አላስቻላትም።

«ምን አለህ በጆሮህ?»

«ማን?»

«የማነ ነዋ! እንዲያ ያስለቀሰህ።»

ጋሽ ለገሠ ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። «መጀመሪያ 'ዘመዴ አንተ ብቻ ነህ' አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ ደግሞ 'ነዳጁን ያቆመችው አሜሪካ መሆኗን እመን፣ አለዚያ ልጄን አልሰጥም' አለኝ።»

«አንተስ?»

«ምን ላድርግ ጌጤ? ሙሽራው እየጠበቀ! ሽማግሌው አፍጥጦ!» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። «አመንኩለት።»

ጌጥነሽ ዳሽቦርዱን እየደበደበች እስኪያማት ሳቀች። ይሄን ሰው ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር ስንቴ እንዳበሳጫት ቆጥራ አትጨርስም፤ ያን ቀን ግን በዓለም ላይ የትኛውም አምባሳደር ለሰላም ይህን ያህል እንዳልከፈለ ታውቅ ነበር፤ እጃቸውን ከመሪው ላይ ወስዳ ያዘችው።

«ለጊዜው ነው ያመንኩት» አሉ ጋሽ ለገሠ። «ከሰርጉ በኋላ እንነጋገራለን።»